የተፈቀደ የግድግዳ ሥዕል ወይስ ያልተፈቀደ፤ ከተማን የሚገልጠው የትኛው ነው?

በደብረ ብርሃን ግድግዳ ላይ መሳል የሚፈልግ ወጣት አስቀድሞ የሚወስነው ፈቃድ መጠየቅን ወይም አለመጠየቅን ነው።

ወጪ፦ የተፈቀደው ሥዕል የግድግዳ ዝግጅት፣ በቂ ቀለምና መወጣጫ ይፈልጋል። ያልተፈቀደው በከሰልም ይጻፋል።

አደጋ፦ በፈቃድ የሚሠራ ሠዓሊ ስሙን ይፈርማል። ያለ ፈቃድ የሚሠራው ተጠያቂነትን ስለሚፈራ ይሰወራል፤ የቀለሙ ኪሳራ ግን በቤቱ ባለቤት ላይ ስለሚወድቅ፣ የግለሰብን ግድግዳ ሳያስፈቅዱ መቀባትን አልደግፍም።

ገላጭነት፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የተፈቀደው ሥዕል ባለሥልጣናትና ገንዘብ ከፋዮች ከተማዋ ምን እንድትመስል እንደሚመኙ ያሳያል፤ ያልተፈቀደው ደግሞ በስብሰባ ላይ ያልተነገረውን ቅሬታ ያወጣል። የጀርመኗን ከተማ በርሊንን ምሥራቅና ምዕራብ አድርጎ ይከፍል የነበረው የበርሊን ግንብ ሁለቱንም አስተናግዷል፦ ከተማዋ ተከፍላ በነበረችበት ዘመን በምዕራቡ ገጽ ላይ ሰዎች ሳይፈቀድላቸው ሲስሉና ሲጽፉ፣ የምሥራቁ ገጽ በወታደር ስለሚጠበቅ ባዶ ነበር፤ ባዶነቱም ራሱ ስለ ሥርዓቱ ይናገር ነበር። ድንበሩ ከተከፈተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሠዓሊያን ከምሥራቅ ገጹ 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው ክፍል ላይ በፈቃድ ሣሉ። ሆኖም በትእዛዝ የተሠራ ሁሉ ባዶ ውዳሴ አይደለም፤ የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሠሯቸው የመስታወት ሥዕሎች የአህጉሩን የነጻነት ተስፋ በክብር ይዘዋል።

ስለዚህ የአካባቢን ታሪክ በትምህርት ቤት ወይም በአደባባይ ለዘለቄታው ለማኖር የተፈቀደው ይመረጣል። የነዋሪውን የዕለት ስሜት ለማጥናት የሚሻ ግን ያልተፈቀዱትን፣ በላያቸው ቀለም ሳይቀባባቸው፣ ቶሎ ፎቶ ያንሣ።