ወንድሜ ተኝቶ የታከመበት ክፍልና የነርሶቹ አያያዝ

ታናሽ ወንድሜ ጎንደር ውስጥ በሚገኝ አንድ የሕክምና ተቋም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሦስት ሳምንት ተኝቶ ታክሟል፤ ከወጣ ወዲህም ከአዘዞ እየተነሣን በየወሩ ለክትትል እንመላለሳለን። አስታማሚ ሆኜ ያየሁትን የምጽፈው፣ እንዲህ ያለ ሕመም ቤታቸው የገባባቸው ሰዎች ስለ ሐኪሙና ስለ መድኃኒቱ አጥብቀው ሲጠይቁ ስለ ነርሶቹ ግን የሚጠይቅ እንደሌለ ስላስተዋልሁ ነው። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። የምነቅፈው ነገር ስላለ የተቋሙን ስም አልጠቅስም።

በገባንበት ዕለት ወንድሜ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም ነበር። ጎረቤቶቻችን ምግቡን እንደሚመርዙበት እርግጠኛ ሆኖ፣ እናታችን የጋገረችውን እንጀራ እንኳ አልቀምስም ብሏል። ተረኛዋ ነርስ ወንበር ስባ ከአልጋው ጎን ተቀመጠች፤ ወደ በሩ የሚያስወጣውን መንገድ እንዳትዘጋበት የተጠነቀቀች መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው። «መርዝ የለበትም» ብላ አልተከራከረችውም፤ «ልክ ነህ» ብላም አላባበለችውም። «ይህን እያሰቡ መዋል በጣም ያስፈራል። እዚህ እስካለህ ድረስ አብሬህ ነኝ» አለችውና ዝም አለች። ዝምታው ለእኔ እጅግ ረዝሞብኝ ጣልቃ ልገባ ስል በእጇ ከለከለችኝ። ከቆይታ በኋላ ወንድሜ ራሱ «ውኃ ስጪኝ» አለ። የታሸገ ውኃ አምጥታ፣ ክዳኑን እሱው እንዲከፍተው ሰጠችው። በዚያች ቀን ወደ አፉ የገባው የመጀመሪያ ነገር ያ ውኃ ነበር።

ይህ የአንዲት ደግ ሴት ጠባይ ብቻ ሳይሆን የተማሩት ሙያ ነው። ታማሚን በተሳሳተ እምነቱ መሟገት እምነቱን ሲያጠብቀው፣ መስማማትም ያጸናዋልና፣ ነርሷ የምታነጋግረው ፍርሃቱን ነው። ሂልደጋርድ ፔፕላው የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ሥራ፣ ነርስ የታዘዘውን ከማቀበል አልፋ ከታካሚው ጋር የምትመሠርተው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል መሆኑን አስረድታለች፤ ግንኙነቱም ከትውውቅ ተነሥቶ፣ አብሮ በመሥራት አልፎ፣ በሥርዓት እስከ መለያየት የሚደርስ ሂደት ነው። በክፍሉ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሚገባ አይቻለሁ።

በሁለተኛው ቀን አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጠምዝዞ ሲቀር እናቴ ሌላ ነገር መስሏት ጮኸች። ነርሷ ግን ሃሎፔሪዶል የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ያመጣው ጠንቅ መሆኑን ወዲያው ለይታ ሐኪም ጠራች፤ ጡንቻውን የሚያፍታታ መርፌ ከተወጋ በኋላ አንገቱ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰለት። ከዚያ እናቴን «እማማ» ብላ ለብቻዋ አስቀምጣ፣ ልጅዋ ቀኑን ሙሉ የሚተኛው ከስንፍና እንዳልሆነና፣ ቤት ውስጥ ወቀሳና ቁጣ ሲበዛ ሕመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽ አስረዳቻት። ስለ ጠበል ስትጠየቅም ፊቷን አላጠቆረችም፤ «ይጠመቅ፣ ይጠጣም፤ ክኒኑን ግን አያቋርጥ» አለች። ጾሙን በተመለከተ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ የክኒኑን ሰዓት ወደ ማታ አዛወረችልን። እናቴ ሕክምናውን ከልቧ የተቀበለችው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

ሌሊቱ ግን እንደ ቀኑ አይደለም። ለሙሉ ክፍሉ አንድ ነርስ ብቻ ባለበት ሌሊት፣ ሌላ የተቆጣ ታካሚ ማንም ሳያነጋግረው በጨርቅ ከአልጋው ታሰረ። ለወንድሜ የተሰጠው ዓይነት ጊዜ ለእሱም ቢሰጠው ማሰር ባላስፈለገ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ሰው ያንን ሁሉ አልጋ ብቻውን እየጠበቀ ግን ጊዜውን ከየት ያመጣዋል? ጥፋቱን በነርሱ ላይ አልጥልም፤ ተረኛ የሚመድበው ክፍል ግን ሊጠየቅበት ይገባል።

ትልቁ ጉድለት የመጣው በመጨረሻ ነው። ወንድሜ የወጣው ኮሪደር ላይ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው፦ የመድኃኒት ወረቀት፣ የቀጠሮ ካርድ፣ በቃ። ሕመሙ ሊያገረሽ ሲል የሚታዩትን ምልክቶች፣ እንቅልፍ ማጣትን፣ ምግብ መጠርጠርን፣ ከሰው መሸሽን፣ የነገረን አልነበረም፤ ሦስት ሳምንት ካዋየችው ነርስ ጋርም አልተሰናበተም። በክትትሉ ደግሞ በየወሩ ሌላ ነርስ ይገጥመናል። በሩ ክፍት ሆኖ፣ ወረፋ ጠባቂው እየሰማ፣ «ድምፅ ይሰማሃል?» ይባላል፤ ወንድሜም «አይሰማኝም» ብሎ ይወጣል። ይሰማዋል። ለእኔ መንገድ ላይ ይነግረኛል።

ሕመምተኛ ይዞ ወደዚህ ክፍል ለሚሄድ ሰው፣ ለተኝቶ ሕክምናው ያለ ስጋት እንዲሄድ እመክራለሁ። ከመውጣቱ በፊት ግን ከነርሷ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን አጥብቆ ይጠይቅ፤ በክትትልም በር እንዲዘጋለትና እስከተቻለ ድረስ አንድ ነርስ እንድታየው ያመልክት። እኛ አመልክተን ምላሹን እየጠበቅን ነው።

ባለፈው ቀጠሮ ያችን ነርስ ደረጃው ላይ አገኘናት። «እንቅልፍህስ?» አለችው። ቆማ አምስት ደቂቃ ያህል አዳመጠችው፤ ድምፁ በተለይ ማታ ማታ እንደሚበረታበት ነገራት፤ እሷም እጁን ይዛ ወደ ሐኪሙ ክፍል መልሳ አስገባችው።