ከዓመት በላይ ቤታችንን የጎተተልን ፒካፕ፦ የፎርድ ኤፍ-350 ዱዋሊ ልምዴ

የፒካፕ ማስታወቂያ ሁሉ የሚፎክረው በሚጎትተው ክብደት ነው። 20 ሺህ ፓውንድ፣ 30 ሺህ ፓውንድ፣ ከዚያም በላይ። ትልቅ ፊፍዝ ዊል (በፒካፕ የሚጎተት መኖሪያ ቤት) ተሳቢ ለመግዛት ላሰበ ሰው ግን ይሄ ቁጥር እምብዛም አይረዳውም። የሚያስፈልገው መኪናው ራሱ ላይ ስንት መጫን እንደሚፈቀድ የሚናገረው ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ በሾፌሩ በር በኩል፣ ምሰሶው ላይ በተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ከወረቀቷ ልጀምር፣ ወደ መኪናዬ እመጣለሁ።

ፊፍዝ ዊል እንደ ሌላው የመዝናኛ ተሳቢ ከኋላ መከላከያው ሥር አይታሰርም። አንገቱ ወደ ፒካፑ መጫኛ ውስጥ ገብቶ፣ ከኋላው አክስል በላይ አካባቢ የተተከለው ማያያዣ፣ ሂች የሚሉት ላይ ይቀመጣል። ሴሚ፣ ትልቁን ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና፣ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ አሠራሩ ያው ነው። በዚህ ምክንያት ከተሳቢው ክብደት ከ20 እስከ 25 በመቶው የሚያርፈው መኪናው ጀርባ ላይ ነው። ከኋላ መንጠቆ ላይ የሚታሰሩት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢያሳርፉ ነው። ለመጎተት ሞተር ይበቃል። ለመሸከም ግን ባሌስትራ፣ አክስልና ጎማ ያስፈልጋል። የዛሬ ትልልቅ የናፍጣ ፒካፖች ጉልበት አያንሳቸውም። ቶሎ የሚያልቀው የመሸከም አቅማቸው ነው።

የእኛ ነገር እንዲህ ነው። ባለቤቴ ትራቭል ነርስ ናት። ኮንትራቷ አብዛኛውን ጊዜ 13 ሳምንት ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆስፒታል። በየሄድንበት ዕቃው የተሟላ አፓርታማ መከራየት ኪስ ያራቁታል። እኔ ሥራዬን በኮምፒውተር ስለምሠራ የትም ብሆን ግድ የለኝም። ልጆቹ ገና ትናንሽ ናቸው። ስለዚህ ቤታችንን ይዘን መዞር ጀመርን። መነሻችን አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ተሳቢው 40 ጫማ ገደማ ይረዝማል፤ ተጭኖ ሊመዝን የተፈቀደለት 16,500 ፓውንድ ነው፣ 7.5 ቶን መሆኑ ነው።

መኪናው የ2021 ፎርድ ኤፍ-350 ነው። አራት በር፣ ረጅም መጫኛ፣ ፎር ባይ ፎር፣ ከኋላ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ጎማ። ዱዋሊ የሚሉት ይሄንን ነው። ሞተሩ 6.7 ሊትር ናፍጣ፣ 475 የፈረስ ጉልበት፤ ካምቢዮው ባለ 10 ማርሽ አውቶማቲክ። የገዛነው ያገለገለ ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ሻጭ በደረጃ አንድ ዝቅ ያለ የናፍጣ ፒካፕ ሊሸጥልን ብዙ ደክሟል። «ምን አስጨነቀህ፣ ይሄ ተራራ ይጎትታል» አለኝ። ውሸት አልነበረም፣ ይጎትታል። በሩን ከፍቼ ወረቀቷን ሳነብ ግን ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከ2,300 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። ናፍጣ ሞተር ራሱ ከባድ ስለሆነ ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ ቀድሞ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የቆዳ ወንበሩ፣ የጣሪያ መስታወቱ፣ ፎር ባይ ፎሩ፣ ሁሉም የሚቀነሰው ከዚያው ላይ ነው። ቁርጥ አንድ የሚመስሉ ሁለት መኪኖች ወረቀታቸው በመቶዎች ፓውንድ ሊለያይ ይችላል። የኢንተርኔት ሠንጠረዥ ላይ አትተማመኑ። ልትገዙ ያሰባችሁትን የዚያኑን መኪና በር ክፈቱ።

የእኔ ወረቀት 5,380 ፓውንድ ይላል። ሒሳቡን ላስቀምጥላችሁ። የተሳቢው ብሮሹር አፍንጫው፣ ሂቹ ላይ የሚቀመጠው አንገቱ ማለት ነው፣ 2,600 ፓውንድ እንደሚያሳርፍ ይናገራል። ይሄ ባዶውን ነው። ውኃ የለ፣ ልብስ የለ፣ የባለቤቴ የሽሮና የበርበሬ ዕቃ የለ፣ ምጣዱ የለ። ተጭኖ ሲመዘን 3,700 ሆኖ አገኘሁት። ሂቹ ብቻውን 200 ፓውንድ ይመዝናል። እኛና ጋቢና ውስጥ የምንጠቀጥቀው ዕቃ 700 ገደማ፣ ጄኔሬተርና መፍቻዎቹ ሌላ 200። ድምሩ 4,800። 580 ፓውንድ ይተርፈኛል። ያ ሻጭ ያቀረበልን መኪና ላይ ቢሆን የተሳቢው አፍንጫ ብቻውን ከተፈቀደው በ1,400 ፓውንድ ይበልጥ ነበር፤ ያውም ማናችንም ሳንሳፈር።

አፍንጫው ስንት እንደሚያሳርፍ መለካት ቀላል ነው። ትልልቅ ትራክ ስቶፖች ላይ የሴሚ ሚዛን አለ፤ ክፍያው ከ20 ዶላር በታች ነው። አንዴ ተሳቢውን እንደያዛችሁ፣ አንዴ ፒካፑን ብቻውን ትመዝናላችሁ። በፒካፑ አክስሎች ላይ የታየው ልዩነት መልሱ ነው። የኋላው አክስል ለብቻው ስንት እንደተሸከመም እዚያው ይወጣል። ይሄንንም በሩ ላይ ከተጻፈው የአክስል ልክና ከጎማው አቅም ጋር አስተያዩት። ጠቅላላው ልክ ሆኖ የኋላው አክስል ያለፈበት መኪና ያጋጥማል።

አሁን ወደ መንገዱ። ከዴንቨር በአይ-70 ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው መኪናው ምን ዓይነት እንደሆነ ብዙ ሳይቆይ ያውቀዋል። የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11 ሺህ ጫማ በላይ ነው፤ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ብዙ ያጣል። ይሄ ናፍጣ ግን ባለ ቱርቦ ስለሆነ ዳገቱን አይፈራም። ማርሹን ይቀንሳል፣ ያጉረመርማል፣ ሴሚዎቹን አልፎ ይወጣል። እኔ ግን የምወደው ሲወርድ ነው።

ከዋሻው እስከ ሲልቨርቶርን ያለው 7 በመቶ ቁልቁለት ነው። መንገዱ ዳር ፍሬን ለተበላሸበት ከባድ መኪና መግቢያ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሄ መኪና ኤግዞስት ብሬክ አለው፤ ጭሱን ቱርቦው ጋ አፍኖ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ያደርጋል። ቁልፉን እጫናለሁ፣ ከመነሻው ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ ካምቢዮው ማርሹን ያወርዳል። ፍሬን የምረግጠው አልፎ አልፎ ነው። ሊማሊሞን በቀድሞ ኤን-ስሪ ጭነት ይዞ የወረደ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የተሳቢው የራሱ ፍሬንም በጋቢናው ውስጥ ካለው መቆጣጠሪያ ጋር በደንብ ይግባባል። ተሳቢ በታሰረ ቁጥር ግን ባዶ ቦታ ላይ ቀስ ብሎ እየነዱ መሞከር ግዴታ ነው።

ነፋስ ላይ ደግሞ የኋላ አራት ጎማ ዋጋው ይታያል። ዋዮሚንግ ውስጥ አይ-80 ላይ፣ ከላራሚ እስከ ሮሊንስ ያለው መንገድ በነፋሱ የታወቀ ነው። ቀለል ብለው ቁመታቸው ለረዘመ መኪኖች ሲዘጋ ብዙ ጊዜ ነው። ክፍት በሆነበት ቀንም ጎን ለጎን ይገፋል። ዱዋሊው ይወዛወዛል፣ ግን መሪው ከእጅ አይወጣም። ምልክቱ ዝግ ካለ ግን ዝግ ነው፤ ቆመን ቡና እንጠጣለን።

ረጅሙን መጫኛ በመምረጤ ደስተኛ ነኝ። አጭር መጫኛ ላይ ጥግ ስትዞሩ የተሳቢው አፍንጫ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ሊመታ ይችላል። ለዚያ የሚንሸራተት ሂች አለ፣ ግን ሌላ ወጪ፣ ሌላ ክብደት። ረጅሙ ላይ 48 ጋሎን የናፍጣ ታንከርም አብሮ ይመጣል። ተሳቢ ይዞ በጋሎን 9 ወይም 10 ማይል ነው የሚሄደው፤ ባዶውን አውራ ጎዳና ላይ 16 ይደርሳል። ስለዚህ ተሳቢ ይዘንም ወደ 400 ማይል ሳንቀዳ እንሄዳለን። የምንቀዳው ከሴሚዎቹ ጋር ተሰልፈን ነው፤ 40 ጫማ ይዞ ለትንንሽ መኪኖች ማደያ መግባት ጣጣ ነው። እዚያ ሰልፍ ላይ ደግሞ ሐበሻ ሾፌር አይጠፋም። «ጭነቱ ምንድነው?» ይሉኛል። «ቤት» እላለሁ።

የማይመቸው ባዶውን ሲነዳ ነው። ባሌስትራው የተሠራው ለሸክም ስለሆነ ጀርባው ባዶ ሲሆን ያንገጫግጫል፤ «አንድ ቶን» እየተባሉ የሚጠሩት የዚህ ደረጃ ፒካፖች ሁሉ ጠባይ ነው። ወርዱ ከኋላ 8 ጫማ ይሆናል። ሃቫና ጎዳና ላይ ክትፎ ለመብላት ስንሄድ ማቆሚያ የምፈልግበት ጊዜ ክትፎው ከሚሠራበት ይረዝማል። አውቶማቲክ እጥበት ቤት መግባት አይታሰብም። የከተማ መኪና ብቻውን እንዲሆን አልመክርም፤ እኛ አሮጌዋን ኮሮላ አልሸጥናትም።

ጥገናው ውድ ነው። ዘይት ሲቀየር 13 ኳርት ይጠጣል። የናፍጣ ፊልትሮው ሁለት ነው። የጭሱን ብክለት የሚቀንሰው፣ ዴፍ የሚባለው ፈሳሽ ተሳቢ ሲጎተት ቶሎ ያልቃል። ጎማው ስድስት ስለሆነ ሲቀየር ሒሳቡ ያስደነግጣል። የውስጠኞቹን ጎማዎች ነፋስ መለካት አሰልቺ ነው፣ ግን አይታለፍም። ከሁለቱ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ሸክሙን ይዞ ስለሚሄድ ከውጭ አይታወቅም።

«ለምን ራም አልገዛህም?» የሚል አይጠፋም። ራም 3500 በከሚንስ ሞተሩ፣ ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ 3500 በዱራማክሱና በአሊሰን ካምቢዮው፣ ሁለቱም ይሄንን ሥራ ይሠራሉ። የሦስቱ ደጋፊዎች ክርክር የአርሰናልና የማንቼ ክርክር ነው፤ ማለቂያ የለውም። እኔ ፎርዱን የወሰድኩት ወረቀቱ፣ ዋጋውና የጥገና ታሪኩ አንድ ላይ ስለተስማሙልኝ ነው። ዋጋው የተሻለ ራም ባገኝ ኖሮ ራም ይሆን ነበር።

መንጃ ፈቃድ ላይ አንድ ነገር። የእኔ ፒካፕና ተሳቢ የተፈቀደላቸው ክብደት ሲደመር ከ26 ሺህ ፓውንድ በብዙ ያልፋል። ለግል መኖሪያና መዝናኛ ከሆነ የፌዴራሉ ሕግ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) አይጠይቅም። ስቴቶች ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ካሊፎርኒያ ለነዋሪዎቿ ከ15 ሺህ ፓውንድ በላይ ለሆነ ፊፍዝ ዊል ንግድ ነክ ያልሆነ ክላስ ኤ መንጃ ፈቃድ ትጠይቃለች። በዚሁ ፒካፕ በትርፍ ሰዓት የሰው ዕቃ በክፍያ ልጎትት ያለ ደግሞ ጉዳዩ ንግድ ይሆናል። ያኔ ተሳቢው ከ10 ሺህ፣ ድምሩም ከ26 ሺህ ፓውንድ ካለፈ ክላስ ኤ ሲዲኤል የግድ ነው፤ ኢንሹራንሱም የተለየ ነው። መኪናውን ከመፈረማችሁ በፊት የስቴታችሁን ዲኤምቪ፣ መንጃ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት፣ ጠይቁ።