ክፍት ገንዳ ወይስ ዝግ ቱቦ? የደቂቅ አልጌ እርባታ

ስፒሩሊና ማምረት ለሚያስብ ሰው ምክሬ ክፍት ገንዳ ነው። ስፒሩሊና (ለምግብ የሚውል ደቂቅ አልጌ ይባላል፤ በሳይንሱ አመዳደብ ግን ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ ነው) ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ከ9 እስከ 11 የሚደርስ፣ ሶዳ የበዛበት ሞቃት ውሃ ይስማማዋል። አብዛኞቹ ተቀናቃኞቹ እዚያ አይኖሩም፤ ውሃው ራሱ ይጠብቀዋል። የቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅና ከሻላ አጠገብ ያለው ጪቱ ማንም ሳይዘራው ያበቅሉታል። በቻድ ደግሞ የካነምቡ ሴቶች ከሐይቅ ዳር ሰብስበው አሸዋ ላይ ያደርቁትና «ዲሄ» ብለው ለምግብ ያውሉታል። ለገንዳው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ውሃውን የሚያንቀሳቅስ መቅዘፊያ ይበቃሉ። ከምርቱ የሚወጣው ሰማያዊ ቀለም፣ ፋይኮሲያኒን፣ ከረሜላና አይስክሬም ይቀባበታል።

ሄማቶኮከስ የተባለው ደቂቅ አልጌ ግን ለክፍት ገንዳ አይመችም። የሚኖረው ለሌላውም ሁሉ በሚመች ጨው አልባ ውሃ ስለሆነ፣ ፈንገስና ባዕድ አልጌ ቶሎ ይወሩታል። በእስራኤል አራቫ በረሃ፣ ቂቡጽ ቀቱራ በተባለ የኅብረት መንደር ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ በተደረደሩ የመስታወት ቱቦዎች ይረባል። መጀመሪያ አረንጓዴ ሆኖ ይባዛል። ከዚያ ናይትሮጅን ሲነፈግና ብርሃን ሲበዛበት ራሱን ለመከላከል አስታክሳንቲን የተባለ ቀይ ቀለም ያከማቻል፤ ቱቦው ሁሉ ደም ይመስላል። ለሳልመን ዓሣ ሥጋ ሮዝ መልክ የሚሰጠው ይኸው ውህድ ነው።

ቱቦው ማቀዝቀዣ፣ ፓምፕ፣ የውስጥ ጽዳትና የሚጠራቀመውን ኦክስጅን ማስወጫ ይፈልጋል። ይህን ወጪ የሚመልሰው እንደ አስታክሳንቲን በውድ የሚሸጥ ውህድ ብቻ ነው፤ ለስፒሩሊና ዱቄት ቱቦ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ገንዳ የመረጠ ደግሞ ለገበያ ከማቅረቡ በፊት የከባድ ብረቶችና የማይክሮሲስቲን መርዝ ምርመራ ያሠራ።