ጥዳችን ሲቀላ ለደረሱልን ጋሼ

ጋሼን በአደባባይ ላመሰግናቸው ካሰብኩ ቆየሁ። «ስሜን እንዳትለጥፊው» ስላሉኝ እዚህም ጋሼ ብቻ ናቸው። ወንዶ ገነት ደን የተማሩ፣ የሥራ ዘመናቸውን በመንግሥት ደን ውስጥ ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው የግል ደን ያለውን ሰው እየዞሩ የሚያማክሩ ባለሙያ ናቸው። በተለይ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ አገር ቤት ያለውን ዛፍ በስልክ የምታስተዳድሩ ሰዎች ይህን አንብቡት።

የእኛ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ያለ የፈረንጅ ጥድ ነው፤ አባቴ ለጣውላ ብሎ የተከለው። አምና በጋው ሲገፋ ቅርንጫፎቹ ከውስጥ፣ ከግንዱ በኩል ጀምረው እየቀሉ መጡ። ጫፋቸው ገና አረንጓዴ ነው። ውሃ ጥም ነው ያለ አለ፤ የሰው ዓይን ነው ያለም አልጠፋም። ደላላው «ጭራሽ ሳይደርቅ ልገላግላችሁ» ብሎ የማገዶ ዋጋ ጠራ። አንድ የመድኃኒት ነጋዴ ደግሞ ዛፉን ሳያየው ርጭት አዘዘልን። ሳያየው! በስልክ፣ በሊትር አስልቶ።

ጋሼ ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁት ዶማ ነው። የታመመውን ዛፍ ሥር ዙሪያውን አስቆፈሩና ከአፈሩ ጋር የሚገናኘውን ቅርፊት በቢላ ላጥ አድርገው አዩ። የሥር አበስባሽ ፈንገስ ቢሆን ኖሮ ከቅርፊቱ ሥር ነጭ፣ ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ይገኝ ነበር አሉ። እሱ ከሆነ ደግሞ ከአሮጌ ጉቶ እየተነሳ በሥር በሥር ይሄዳል፤ ዛፉም ቦታ ለይቶ በክብ በክብ ነው የሚሞተው። የእኛ ንጹሕ እንጨት ሆነ። ከዚያ ቀና ብለው ግንዱ ላይ ሽቅብ የሚተመውን የጉንዳን ሰልፍ አሳዩን። «ጉንዳን ያለ ምክንያት ጥድ ላይ አይወጣም። የሚላስ አግኝቶ ነው።» ከሚቀላው ቅርንጫፍ ሥር ነጭ ወረቀት ዘርግተው ቅርንጫፉን ሲያራግፉት የሚንቀሳቀስ ቡናማ ነገር ወረቀቱ ላይ ረገፈ። በማጉያ መነጽራቸው አየሁት፤ ሆዱ እብጥ ያለ፣ እግሩ ረጃጅም፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የሚሄድ ነፍሳት። ጣቴ ላይ የቀረው ፈሳሽ እንደ ማር ያጣብቃል። ቅጠሉ ላይ ያለውና እኛ አቧራ ነው ስንለው የነበረው ጥቁር ነገር በዚሁ ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ኖሯል።

የጥድ ክሽክሽ ይባላል። ስንዴ ላይ የምናውቀው የክሽክሽ ዘመድ ነው። የዛፉን ፈሳሽ ሲመጥ ምራቁ ራሱ መርዝ ስለሆነ የመጠጠው ቅርንጫፍ ይደርቃል። ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ በጋ ላይ ሲመቻት ቁጥሯ በአጭር ጊዜ የትየለሌ ይሆናል። የመጣውም ከሜዲትራኒያን ምሥራቅ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ፣ በ1990 ኬንያ ታየ። ማላዊ ውስጥ የተከሉትን ጥድ ብቻ ሳይሆን የሙላንጄ ተራራን ዝነኛ አገር በቀል ዛፍም አጠቃ። በኋላ እዚያ የለቀቁት መድኃኒት ሳይሆን ጥቃቅን ተርብ ነው፤ እንቁላሏን ክሽክሹ ሆድ ውስጥ ትጥላለች፣ የሚፈለፈለው እጭ ከውስጥ ይበላዋል። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካል። አባቴ ግን «ተርቧን ከየት እናምጣት?» አላቸው። «እሱ የግለሰብ ሥራ አይደለም፣ የምርምር ተቋምና የመንግሥት ነው» ብለው ሳቁ።

ርጭቱን በግልጽ ከለከሉን። ይህን ያህል በቁመቱ የሄደ ጥድ ላይ በጀርባ በሚታዘል መርጫ የሚረጨው መድኃኒት ተባዩ የተሸሸገበት ውስጠኛ ቅርንጫፍ ዘንድ አይደርስም፤ የሚደርሰው ክሽክሹን የሚበሉት ጥንዚዛዎች ላይና የጎረቤት ቀፎ ላይ ነው። ሌላ አማካሪ ቢሆን ከነጋዴው ጋር ተነጋግሮ ድርሻውን ያነሳ ነበር፤ በዚህ ሥራ ያለ ነገር ነው። እሳቸው የቀናቸውን ሒሳብና ትራንስፖርታቸውን ብቻ ነው የተቀበሉት።

ያዘዙት ደኑን ማሳሳት ነው፤ ማለትም የተጠጋጉትን ዛፎች እየመረጡ ቆርጦ ለቀሩት ቦታ መስጠት። ደናችን ከተተከለ ጀምሮ ሳይሳሳ የቆየ በመሆኑ ዛፎቹ ለብርሃንና ለውሃ ይሻማሉ፤ የተዳከመ ዛፍ ደግሞ የክሽክሹን ጥቃት መቋቋም አይችልም። ደኑን ከዳር እስከ ዳር ዞረው ከግማሽ በላይ የቀላውን፣ የቀጨጨውን፣ የተጣመመውን በቀለም ምልክት አደረጉበት። ጤነኛውንና ግንዱ ቀጥ ያለውን አስቀሩ። የተቆረጠው ቅርንጫፍም በደኑ ውስጥ እንዳይከመር፣ በዕለቱ ወጥቶ ራቅ ያለ ቦታ እንዲቃጠል አዘዙ። የደላላው ነገር እዚህ ላይ ለየለት። ከሞቱትም ዛፎች የብዙዎቹ ግንድ ደህና ጣውላ ይወጣዋል፤ ክሽክሹ ቅርንጫፍ እንጂ እንጨት አይበላም። በቶሎ ከተቆረጠና ከተላጠ ሌላ ነቀዝ ሳይገባበት ይሸጣል። ለማጓጓዣ ከወረዳው የይለፍ ወረቀት ማውጣት እንዳለብን ያስታወሱንም እሳቸው ናቸው። አባቴ በማገዶ ዋጋ ሊሰጠው የነበረውን በግንዲላ ዋጋ ሸጠ።

ከክረምቱ በኋላ ካስቀሯቸው ዛፎች አብዛኞቹ አዲስ ጫፍ አውጥተዋል። የደረቀው ቅርንጫፍ ግን አልተመለሰም፣ አይመለስምም። ጥቂቶቹ ጭራሽ ሞተዋል፤ ሊሞቱ እንደሚችሉ አስቀድመው ነግረውናል።

ለጓሮ አጥር ጥድ ግን ሌላ ነው የሚሉት። እጅ የሚደርስበት ስለሆነ ውሃ በኃይል መርጨትና የሳሙና ውሃ እስከ ውስጠኛው ቅርንጫፍ ማድረስ ይበቃዋል፤ ችግኝም እንደዚያው። አንድ ነገር አጥብቀው አሳስበውናል፣ ለእናንተም ላድርስ። በገና ሰሞን ከታመመ ደን የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከተማ ማምጣት ክሽክሹን ከነቤቱ ማጓጓዝ ነው። በዓሉ በጋ ላይ መዋሉ ደግሞ ተባዩ ከሚበዛበት ወቅት ጋር ይገጥማል። ባዶ የቀረውን ቦታ በምን እንደምንሞላም ጠይቀናቸው ነበር። «የሐበሻ ጥድንም ይነካዋል፣ በሱ እንዳትተማመኑ» ብለው ግራቪሊያና ዋንዛ ቀላቅለን እንድንተክል መከሩን። አባቴ አሁንም ጥድ ጥድ ይላል፤ ክርክሩ አላለቀም።

ጉድለታቸውን ካልነገርኳችሁ ጥቆማ አይሆንም። ጋሼ ቀጠሮ ላይ ይዘገያሉ። መቁረጥና መጫን አይሠሩም፣ ሠራተኛ ራሳችሁ ነው የምትፈልጉት። ደኑን አብሯቸው የማይዞር ባለቤት ያናድዳቸዋል፤ እኔን «አንቺ ልጅ፣ ጫማሽን ቀይሪና ነይ» ብለው መልሰውኛል። ፎቶ ልካችሁ በቴሌግራም መልስ ከጠበቃችሁም አታገኙም።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። አባቴም ሰላም ብሎዎታል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅደውልኛል። ጠዋት በማለዳ ደውሉ፤ ከረፈደ ጫካ ስለሚገቡ ኔትወርክ አይኖራቸውም። የደናችሁን ስፋት፣ የዛፉን ዓይነትና የተተከለበትን ዓመት አስቀድማችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።