ሱቄ ቴሌግራም ላይ ነው

ባልትና እሸጣለሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ አንዳንዴ በሶ። የሱቅ ኪራይ የሚችል ይቻለው፤ የእኔ ሱቅ ቴሌግራም ላይ የከፈትኩት ቻናል ነው። አራት ዓመት ስለሠራሁበት ደጉንም ክፉውንም ብናገር የሚወቅሰኝ የለም።

መጀመሪያ የወደድኩለትን ልናገር። ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩትን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው ራሱ ፌስቡክ ነው። ይታይልኝ ካልኩ ቡስት ማድረግ፣ ማለትም ከፍዬ ማስተዋወቅ አለብኝ። ለዚያ ደግሞ የዶላር ካርድ ያለው ሰው ፍለጋ፣ ከዚያ የእሱ ኮሚሽን... የበርበሬ ትርፍ ይህን ሁሉ አይችልም። ቴሌግራም ግን ቻናሌ ውስጥ ላለ ሁሉ ያደርስልኛል። ከፖስቱ ግርጌ ያለችው ትንሽ ዓይን ስንት ሰው እንዳየው ትቆጥራለች። አንዷ ደንበኛ ለእድር ግሩፗ ፎርዋርድ ብታደርገው እዚያ ያዩትም ይደመራሉ። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ድንገት ሲዘል የሆነ ቦታ ስሜ እንደተነሳ አውቃለሁ።

ማስታወቂያ ያስተማረችኝም ይቺው ዓይን ናት። ድሮ የታሸገ በርበሬ ፎቶ አንስቼ «ምርጥ ጥራት፣ ተመጣጣኝ ዋጋ» እያልኩ እለጥፍ ነበር። ዞር ብሎ ያየኝ የለም። አንድ ቀን ዛላው ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ፣ እናቴ ቁጭ ብላ ስትቀነጥስ በስልኬ ቀረጽኳት። 18 ሴኮንድ ብቻ ናት። ከጀርባ የጎረቤት ዶሮ ይጮሃል። የዚያን ቀን ስልኬ አላረፈም። ዋጋውንም በግልጽ እጽፋለሁ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉትን እኔም ስገዛ አልወዳቸውም።

አሁን ወደ ጉዱ። ቴሌግራም ያሉትን ያቆያል እንጂ አዲስ ሰው አያመጣም። አድሚን በራሷ ማስገባት የምትችለው የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዎች ነው፤ ከዚያ በኋላ ሊንክ ይዞ መለመን ነው። እኔ 400 አካባቢ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ያኔ ነው «ሜምበር እንጨምራለን» የሚል ልጅ ያገኘሁት። ስሙን ተዉት። 3,000 ብር በቴሌብር ላክሁለት። በሁለት ቀን ከ5,000 በላይ ሆንን። ደስታዬ! ለእህቴ ሁሉ ስክሪንሾት ልኬያለሁ። ከዚያ ሽሮ ለጠፍኩና ዓይኗን ጠበቅሁ። 96። ያው የድሮው! ዝርዝሩን ከፍቼ ሳይ ፎቶ የሌላቸው፣ ስማቸው በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ እንኳ የማላውቀው ናቸው። ከወር በኋላ ብዙዎቹ «ዲሊትድ አካውንት» ሆኑ። ለልጁ ልጽፍለት ስል ብሎክ አድርጎኛል። ዛሬ 40 ሺህ ሜምበር ያለው ቻናል ባይ አልደነግጥም፤ ቶሎ ብዬ ወደ ዓይኗ ነው የማየው።

አዲስ ሰው የሚያመጣልኝ ቲክቶክ ሆነ። ያችኑ የሰሌን ቪዲዮ እዚያ ስለቃት፣ የቻናሉን ስም ከላይ ጽፌ፣ ጭራሽ የማያውቁኝ ሰዎች መጡ። ቲክቶክ ወያላዬ ነው፣ ይጣራል። ታክሲው ግን ቴሌግራም ነው።

ታክሲው ደግሞ የሚቆምበት ጊዜ አለ። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆዩ። ወጣቶቹ የተዘጋውን የሚያልፉበትን መተግበሪያ፣ ቪፒኤን ከፍተው ገቡ። ቪፒኤን ምን እንደሆነ የማያውቁት እናቶች ግን፣ ማለትም ዋናዎቹ በርበሬ ገዢዎቼ፣ ጠፉብኝ። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስልክ በደብተር እጽፋለሁ። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ክፍያም ቢሆን በተላከልኝ ስክሪንሾት አላምንም፤ ገንዘቡ ስልኬ ላይ መግባቱን ሳላይ ዕቃ አይወጣም። አንዴ ተበልቼበታለሁ።

ለቴሌግራም ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ግማሿ የአንዲት ደንበኛዬ ናት። ሪያድ ሆና ኮልፌ ላሉት እናቷ በየሁለት ወሩ በርበሬ ታዝልኛለች። በአካል ተያይተን አናውቅም። ዕቃው ሲደርሳቸው እናትየዋ በጎረቤት ልጅ ስልክ የድምፅ መልእክት ይልኩልኛል። ምርቃታቸው ረጅም ነው። ባለፈው ግን ከምርቃቱ መሃል «ኮረሪማው አንሷል» አሉኝ።