በወገብ ዲስክ ቀዶ ሕክምና ወቅት ራስጌ ለሚቆሙት የማደንዘዣ ባለሙያዎች

የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ቀዶ ሕክምና በሰላም ሲያልቅ ምስጋናው ለቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ይገባዋልም። በሙያው ያለን ሰዎች ግን ዛሬ ከታካሚው ራስጌ ሆነው ሞኒተሩን ለሚጠብቁት የማደንዘዣ ባለሙያዎች እጅ እንነሳለን።

ከልብ የሚነሳው ትልቁ ደም ወሳጅ ቧንቧ፣ አኦርታ፣ በ4ኛው የወገብ አከርካሪ አጠገብ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚነካው ዲስክ ደግሞ በ4ኛውና በ5ኛው መካከል ያለው ነው። ከኋላ እስከ ፊት 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ዲስኩን ቦጭቆ የሚያወጣው መቆንጠጫ ከ3 ሳንቲ ሜትር አልፎ የፊተኛውን ጅማት ከበሳው እነዚያን ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ያገኛቸዋል። ይህ ጉዳት የሚደርሰው ከ10,000 ታካሚዎች ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ነው፤ ሲደርስ ግን ደቂቃ አይሰጥም።

ክፋቱ መደበቁ ነው። ታካሚው በሆዱ ስለተኛ ደሙ ከአንጀት ጀርባ ወዳለው ቦታ ይፈሳል፤ ብዙ ጊዜ በቁስሉ በኩል ጠብ አይልም። ቀዶ ሐኪሙ የሚያየው ቦታ ደረቅ ሆኖ ሳለ፣ ራስጌ ያለው ሰው ግን የላይኛው የደም ግፊት ከ120 ወደ 70 ሲወርድ፣ የልብ ምቱም ሲፈጥን ያያል። ግፊት በማደንዘዣው መድኃኒትም ይወርዳል። ጎበዝ ባለሙያ ፈሳሽና ኤፌድሪን (ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት) ሰጥቶ ካልተነሳለት ሁለተኛ መርፌ እየጨመረ አይጠብቅም፤ «አቁሙ፣ እንገልብጠው» ይላል። ያኔ ቁስሉ በቁስል ማሸጊያ ጨርቅ (ጎዝ) ታሽጎ ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ ሆዱ ተከፍቶ አኦርታው ከቀዳዳው በላይ በእጅ ይጫናል፤ ደም ይሰጣል፤ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ይጠራል። ግፊቱ የሚታገሥ ከሆነና መሣሪያው ካለ በብሽሽት በኩል ሽፋን ያለው ስቴንት (ቀዳዳውን ከውስጥ የሚደፍን ቱቦ) ይገባል።

ለዚህ ቀዶ ሕክምና የምትዘጋጁ፣ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር አስቀድማችሁ ተገናኙ። ከደማችሁ ጋር የተመሳከረ ደም ተዘጋጅቶ እንደሆነ ጠይቁት። በአገራችን የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ብርቅ ነውና ማን እንደሚጠራና በስንት ደቂቃ እንደሚደርስም ጠይቁ። ሳይቆጣ በዝርዝር የሚመልስላችሁን ያዙት፤ እንዲህ ያለውን ባለሙያ በሙሉ ልብ እንጠቁማለን።

አንድ ነገር እንጨምር፦ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሆድ ላይ እጅ ሲደረግ እንደ ንብ የሚርገበገብ ነገር ከተሰማ፣ ደም ወሳጁና ደም መላሹ ቧንቧ ተቀዳደው ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። እንደ ልብ ድካም ብቻ ታይቶ እንዳይታለፍ፣ የወገብ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላችሁ ለሐኪሙ ንገሩትና ሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ሥሮችን የሚያሳይ የሲቲ ምርመራ) ይታዘዝላችሁ።