ፕሮሰስ ዜሮን ለወራት ስጠቀምበት

የስልኬ ካሜራ መጥፎ ፎቶ አያነሳም። የሚያናድደኝ ምንም ነገር ጨለማ ውስጥ እንዲቀር አለመፍቀዱ ነው። ጥላውን ያበራዋል፣ ሰማዩን ያደምቀዋል፣ ፊት አለስልሶ ደግሞ ጠርዙን ያሾለዋል። አንዴ ስንነካው ብዙ ፎቶ አንስቶ አንድ ላይ ያዋህዳል። አይፎን ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው ዲፕ ፊውዥን የተባለው ቴክኖሎጂ ሥራው ይኸው ነው።

ሃላይድ የተባለው የካሜራ አፕ በ2024 ያመጣው ፕሮሰስ ዜሮ የተባለ የማንሻ ዘዴ ግን አንድ ፎቶ ብቻ ያነሳል። በቃ። ማዋሃድ የለም፣ ኤአይ የለም። 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ይሰጣል፤ ጥሬውን ፋይልም (ሮው የሚባለውን፣ ካሜራው ያየውን ሳይነካካ የያዘውን) አብሮ ያስቀምጣል። «የአይፎን የራሱ ጥሬ ፋይል፣ ፕሮሮው፣ እያለ ምን ያደርጋል?» ለሚል፣ ፕሮሮውም ቢሆን ከብዙ ፎቶ ተዋህዶ የመጣ ነው። ባለ 48 ሜጋፒክስሉ ደግሞ አንዱ ብቻ 75 ሜጋባይት ገደማ ይበላል።

ልዩነቱ የገባኝ አክስቴን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ በሁለቱም ሳነሳት ነው። በስልኩ ካሜራ፣ ጆሮዋ አካባቢ ያለው ሽበት በብዕር የተሰመረ ይመስላል። በፕሮሰስ ዜሮ ፀጉሩ ፀጉር ነው። ከመስኮቱ የራቀው ጉንጯ ጨለም ብሏል፤ ብርሃኑ በየት በኩል እንደገባ ያስታውቃል። እሷ የመረጠችው ግን የስልኩን ነው። «እዚህኛው ላይ አሮጊት አስመሰልከኝ» አለች። ምን ይባላል!

ችግሩ ሰማይ ነው። ፎቶው አንድ ስለሆነ፣ አንዴ ነጭ ሆኖ የቀረ ደመና በምንም አይመለስም። ጥላ ግን ከጥሬው ፋይል በደንብ ይወጣል። ስለዚህ ፀሐይ ሲበረታ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን መጠን) አስቀድሜ ዝቅ አደርጋለሁ፣ በኋላ አፑ ውስጥ ባለችው አንዲት ማስተካከያ ከፍ አደርገዋለሁ። ሌላ የሚነካካ ነገር የለም፤ እኔ ወድጄዋለሁ።

ማታ ግን አትድከሙ። የስልክ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ነው፤ በአንድ ፎቶ የሚሰበስበው ብርሃን አይበቃውም። መጠነኛ ነጠብጣብ ያምራል፣ የምሽቱ ግን አሸዋ የተበተነበት ነው የሚመስለው። ሲመሽና ልጆች ሲሯሯጡ ያለ ምንም ክርክር ወደ ስልኩ ካሜራ እመለሳለሁ።

ሃላይድ ለአይፎን ነው። አንድሮይድ ያላችሁ፣ ስልካችሁ ካሜራው ላይ ፕሮ ሞድ (ሁሉን በእጅ የምታስተካክሉበት) ካለው ገብታችሁ ሮው የሚል ካለ አብሩት። አንዳንዱ ስልክ ሮውንም አዋህዶ ስለሚሰጥ፣ መጀመሪያ ፀጉር ወይም ቅጠል አንስታችሁ አጉልታችሁ እዩት፤ በብዕር የተሰመረ እንዳይመስል።